ለአንድ ሰው ነው

ሰኞ 3

ዛሬ በምሳ ሰዓት ደንበኛ ስላልነበረ የዓይን መርማሪያችን፣ “ነይ እስቲ ተቀመጪ፤ የሁሉን መነጽር ስትሠሪ የአንቺን ዓይን ያየልሽ የለም” ብሎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። በዚህ መነጽር ቤት ጓዳ ሃያ አራት ዓመት ሌንስ ስሞርድ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ቅርቡን ሁሉ አነበብኩ፤ ከሁሉ የደቀቀችዋ መስመር እንኳ አላመለጠችኝም። ሩቁ ላይ ስደርስ ፊደሎቹ ተንቀጠቀጡ።

“በሽታ የለብሽም፤ ዓይንሽ ሰንፎ ነው” አለኝ። “ከክንድሽ ርዝመት አልፎ ማየት ትቷል። ሩቅ ተመልከቺ።”

“ምን ያህል ሩቅ?”

“የቻልሽውን ያህል።”

ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው የማተሚያ ቤቱ ግድግዳ ነው። ስንጥቁን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ይህን አልነገርኩትም። ሰነፍ መባሌ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። በሃያ አራት ዓመት ከእጄ ወጥቶ “ተበላሽቷል” ተብሎ የተመለሰ ሌንስ አራት ብቻ ነው። አራት!

ረቡዕ 5

አንዲት ሎጋ ሴትዮ ለሁለት የተሰበረ መነጽር በመሀረብ ጠቅልላ መጣች። ስልሳን ያለፈች ናት።

“ምን አግኝቶት ነው?” አልኳት።

“ዝሆን።”

የቀለደች መሰለኝ። አልቀለደችም። ድንኳኗ አጠገብ ዝሆን መጥቶባት ወደ ኋላ ስታፈገፍግ የገዛ መነጽሯ ላይ ተቀምጣበት ነው።

“የዱር አራዊት ልታዪ ሳፋሪ ከሄድሽማ ሀብታም ነሽ” አልኩ፣ ሳላስበው ከአፌ ወጥቶ። ከልቧ ሳቀች። “ምን ሀብታም፤ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነኝ። ሰው ሳፋሪ ሲባል የሚታየው ጓንት ያደረገ አሳላፊ ነው። እኔ ደረቅ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል እየበላሁ አንበሳ አይቻለሁ።” ከዚያ ነገረችኝ። በዝናቡ ወራት ቱሪስት ስለሚጠፋ ሁሉም ነገር በግማሽ ይረክሳል። ሎጅ ሳይሆን ፓርኩ ውስጥ ካለው የድንኳን ሰፈር ማደር። ወደ ጎረቤት አገር ድንበሩን በሕዝብ አውቶብስ መሻገር። መኪና ደግሞ ለብቻ አለመከራየት፤ ከሌሎች ጋር ተዳብሎ መካፈል።

“ከማን ጋር ሄድሽ?” ብዬ ጠየቅኋት።

“ከራሴ ጋር።”

ከሥራ ስወጣ የመንገድ ካርታ ገዛሁ። ልሄድ ማሰቤን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ 8

ለእማዬ ነገርኳት። ፀጉሯን እያበጠርኩላት ስለነበር ፊቷን አላየሁም።

“ከአንበሳ ጋር ምን አገናኘሽ?”

“ምንም። ሩቅ ለማየት ነው።”

“ስንት ቀን?”

“ዘጠኝ።”

“ሂጂ።”

እንዲህ በቀላሉ። ሂጂ ማለቱ ምን ያቅታል! ዳሌዋ ከተሰበረ ዓመት ከስድስት ወር ሆኗት፣ ከአልጋ የማወርዳት እኔ፣ የማጥባት እኔ፣ ካልሲዋን የማደርግላት እኔ። የቀኝ እግሯን ካልሲ ማድረግ ብልሃት አለው፤ ተረከዟን በግራ እጅ ደግፎ ከጣቷ በኩል ሳይሆን ከጎን ነው የሚጎተተው። ከእኔ በቀር የሚችለው የለም። ከሥራ ወጥቼ እስክገባ ወንበሯ ላይ ሆና ሬዲዮኗን ታዳምጣለች። ማንም እንደ እኔ አይዛትም፤ ይህን ስል እየተኩራራሁ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

ሰኞ 10

በምሳ ሰዓት፣ ለአንድ የጉዞ ወኪል ደወልኩ።

“ለስንት ሰው ነው?”

“ለአንድ ሰው።”

“አንድና ሌላስ?”

“አንድና ምንም።”

ወረቀት አገላበጠ። ከዚያ ለብቻው የሚጓዝ ሰው ተጨማሪ እንደሚከፍል ነገረኝ፤ ድንኳኑም መኪናውም ለሁለት ስለሚታሰብ ነው አለ። ብቻዬን በመሆኔ ቅጣት መሆኑ ነው። “ጌታው፣ እኔ የምተኛው በግማሹ ድንኳን ነው” አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ጠቀመኝ፤ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ መኪና የሚጋሩ ሦስት ሰዎች እንዳሉትና አራተኛ ከሆንኩ ቅጣቱ እንደሚቀርልኝ ነገረኝ። ድንኳኑን ራሴ ካመጣሁ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል።

ያዝልኝ አልኩት። ሁለቴ ያልኩት ከመንገዱ ጫጫታ የተነሳ ነው።

ሐሙስ 13

ኩታራው ከነሚስቱ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የሁለት ልጆች አባትና መላጣ ሆኗል፣ ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቀውም። የጉዞውን ነገር ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ።

“እትዬ፣ ደህና ነሽ? በዚህ ዕድሜሽ ጫካ?”

“ሜዳ ነው፤ ጫካ አይደለም።”

“እማዬስ?”

“አንተ ቤት ዘጠኝ ቀን።”

“እንዴት አድርጋ? ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ረሳሽው? ሊፍት የለው፤ ልሸከማት ነው? ወገቤን እያወቅሽው!”

ወገቡን አውቃለሁ። ኳስ ሲጫወት የማያመው ወገብ ነው። ቢሆንም ነገሩ ልክ ነው፤ እማዬ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እሱ ቤት ገብታ አታውቅም።

ብርጭቆ ላጥብ ስገባ ሚስቱ በሹክሹክታ፣ “እሷማ ምን አለባት፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት” ስትለው ሰማሁ። አልከፋኝም። እውነት ነው፤ የለኝም።

እሑድ 16

ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ድንኳን ተዋስኩ። ዚፑ ተበላሽቶ ነበር፤ ራሱ ቀየረልኝ። ሳሎን ውስጥ ተከልኩት። እማዬ ከወንበሯ ሆና፣ “ግራው ዘመመ” እያለች ታዘኛለች። ገብቼ ተጋደምኩበት። እግሬ ይወጣል። ሰያፍ ሲተኛ ግን ይበቃል። ሰያፍ ለመተኛት ማንንም ማስፈቀድ የለብኝም።

ምን አለባት! ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ምን እንዳለብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማክሰኞ 18

የቢጫ ወባ ክትባት ተወጋሁ። ክንዴ አብጧል። ካርዱን ፓስፖርቴ ውስጥ አስቀመጥኩ። የወባ ክኒን አለ። ልብስ የአፈር ቀለም ይሁን ተባለ። ያለኝ ልብስ ሁሉ የአፈር ቀለም ነው። ለዚህ ጉዞ ነው ለካ ዕድሜ ልኬን ስዘጋጅ የኖርኩት።

ዓርብ 21

የመነጽር ቤቱን ባለቤት ፈቃድ ጠየቅኩ። ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ፣ “ሂጂ፤ ዘጠኝ ቀን ከሆነ ሌንሱን ሌላ ቤት ልከን እናስሞርዳለን” አለኝ። ልጣላው ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። እምቢ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ቤት! ሌላ ቤት ጠርዙን እንዴት አድርገው እንደሚበሉት አይቻለሁ።

አዋላጇ መነጽሯን ልትወስድ መጣች። አድርጋው ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች። “ጠራ” አለች። ሩቁን የሚያቀርብ አንድ ያረጀ የርቀት መነጽር ከቦርሳዋ አውጥታ፣ “ግራው ዓይን ሻግቷል፤ ካዳንሽው ውሰጂው” አለችኝ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ ገጠምኩት። ማን ሰነፍ እንደሆነ እንተያያለን።

ሰኞ 24

ከኩታራው ጋር በስልክ ተጣላን። ሚስቱ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እኛ ቤት መጥታ ማደር አትችልም፤ ልጆች ትምህርት አላቸው፤ እሱ የማታ ተረኛ ነው፤ ሠራተኛ ቢቀጠር እማዬ እንግዳ ሰው አታስነካም። ሁሉም ምክንያት አለው። መጨረሻ ላይ፣ “እትዬ፣ እማዬ እያለች አንቺ የት ትሄጃለሽ?” አለኝ።

ደሜ ፈላ። “እሺ! እናቴ እስካለች የትም አልሄድም! ደስ ይበልህ!” ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ስዞር የእማዬ በር ገርበብ ብሏል። ሬዲዮኗ ጠፍቷል። ተኝታለች። የተኛች ይመስለኛል።

እንዲህ አይነት ነገር ከአፌ መውጣቱ። ምን ነክቶኝ ነው እንዲያ የጮህኩት?

ረቡዕ 26

ጠዋት ስገባ እማዬ ካልሲዋን ራሷ አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የቀኙ ተረከዙ ከላይ ሆኖ ተጣሟል። “ለምን አልጠራሽኝም?” ብዬ ተቆጣሁ። “አንቺም እጅ አለሽ፣ እኔም እጅ አለኝ” አለችኝ። አውልቄ በደንቡ አደረግኩላት። 

እሑድ 30

የእማዬ ምርኩዝ ሥሩ አራት እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር ደግሞ ጎማ። ዛሬ ሳጸዳው የሁለቱ ጎማ ተበልቶ አልቋል። ከወር በፊት ነበር የቀየርኩት። ከወንበር አልጋ፣ ከአልጋ መጸዳጃ ለሚሄድ ሰው ጎማ እንዲህ አይበላም። ሻጩ አታሎኛል። ነገ ሄጄ አፋጥጠዋለሁ።

ሰኞ 1

ሻጩን አፋጠጥኩት። ማለ፣ ተገዘተ። አዲስ ጎማ ሰጠኝ፤ አልከፈልኩም። መብቴን አስከብሬ ወጣሁ።

ሐሙስ 4

ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ አስቁሞ፣ “እናትሽ ጎሽ! ጠንክረዋል፤ ደረጃ ላይ አየኋቸው” አለኝ። ሌላ ሰው አይተህ ነው አልኩት። እኛ የምንኖረው ምድር ቤት ነው፤ እናቴን ደረጃ ላይ ምን ይወስዳታል? ሰውዬው ቀን ከሌት ጨርቅ ላይ አፍጥጦ ዓይኑ ደክሟል። ነጻ ምርመራ ላስደርግለት እችላለሁ።

እማዬ ሰሞኑን በደንብ ትበላለች። ሁለት እንቁላል። ማታ ቶሎ ይደክማታል። እርጅና ነው መሰለኝ፤ ልቤ ፈራ።

ማክሰኞ 9

ሥራ ላይ ተደወለ። እማዬ ወደቀች። ደረጃ ላይ። ሆስፒታል ነን።

ማታ። አልተሰበረችም። ግራ እጇ ወለምታ ነው፤ ጉንጯ ተልጧል። ራጅ አንሺው ሁለት ጊዜ አየልኝ፤ ዳሌዋ ደህና ነው። ልብስ ሰፊው ነው ተሸክሞ ያወረዳት።

ኩታራው ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ሰው እየሰማ፣ “አንቺ አንበሳ ስታልሚ እናታችን ተሰብራ ነበር!” አለኝ።  ጠዋት ከቤት ስወጣ የአውቶብሱን መስመር በልቤ እየቆጠርኩ እንደነበር እሱ አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። በሩን መቆለፍ ነበረብኝ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ፣ እናቷ ደረጃ ስትወጣ የማታውቅ?

ከሆስፒታሉ ግቢ ለጉዞ ወኪሉ ደውዬ ሰረዝኩ። “ያቺ የአንድ ሰው?” አለ። ስሜን አልያዘም፤ የያዘኝ በቁጥሬ ነው። ቦታዬን ሌላ ሰው እንደሚፈልገው ነገረኝ። ውሰዱት አልኩ።

ተገላገልኩ። እንቅልፍ ሳልተኛ አልቀርም ዛሬ።

ሐሙስ 11

እንዳለ ልጻፈው።

እማዬ እጇ ታስሮ ተቀምጣ ሾርባ ሳጠጣት፣ ማንኪያውን በደህናው እጇ ገፋችው።

“ደወልሽ?”

“ለማን?”

“ለሳፋሪው ሰውዬ።”

“ደወልኩ።”

“ሰረዝሽ?”

“ሰረዝኩ።”

“እኔ የወደቅሁት አንቺ እንድትቀሪልኝ መሰለሽ?”

ሾርባውን ማማሰል ያዝኩ።

“‘እናቴ እስካለች የትም አልሄድም’ ብለሽ የጮህሽ አንቺ አይደለሽም? ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬን አይደለም የተሰበርኩት። እንግዲህ አለሁ። ለመሞት ደግሞ አልቸኩልም፤ ገና የምሰማው ሬዲዮ አለኝ። ስለዚህ የቀረኝ ደረጃ መውጣት ነው፤ ወጣሁ።”

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

“ኩታራው ቤት ስንት ደረጃ እንዳለው ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም።”

“አርባ አንድ። ልጆቹን በስልክ አስቆጥሬያቸዋለሁ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እኔ የዚህን ሕንፃ እወጣ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሦስት። በነጋታው አምስት። ማክሰኞ ሃያ ስድስት ደርሻለሁ። የወደቅሁትም ስወርድ ነው እንጂ ስወጣ አይደለም፤ ይህንን ለወንድምሽ ንገሪልኝ።”

ጎማው። እንቁላሉ። ካልሲው። ልብስ ሰፊው። ሁሉም ፊቴ ላይ ነበር፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ። እኔ ጎማ ሻጭ ሳዋርድ ዋልኩ።

“በሩን መቆለፍ ነበረብኝ፤ ብትሞቺስ ኖሮ?” አልኳት። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ።

“በሩን እየቆለፍሽ ብትሄጂ ነበር የምሞተው” አለችኝ። ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ሾርባዋን ራሷ ጠጣች። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። አልጠረግኩላትም። እጄን ቁጭ ብዬበት ነው የያዝኩት።

ዓርብ 12

ወኪሉ ጋ ደወልኩ። ቦታዬ ተይዟል። ሌላ መኪና የለም። ይቅርታ ጠየቀኝ።

ለአዋላጇ ደወልኩ። “ወኪል ምን ያደርግልሻል? የፓርኩ በር ላይ ያለው ከተማ ድረስ በአውቶብስ ሂጂ። ማለዳ ነዳጅ ማደያው ጋ ቁሚ። ሰው የጎደለው መኪና አይጠፋም” አለችኝ።

“ቢጠፋስ?”

“ትጠብቂያለሽ።”

ያለ ወኪል፣ ያለ ቀጠሮ፣ በሰው አገር ነዳጅ ማደያ ላይ ልቆም ነው። አልፈራሁም። ምሳዬን ያልበላሁት ዳቦው ስለደረቀ ነው።

እሑድ 14

ከእማዬ ጋር ስምምነት አደረግን። ደረጃውን የምትወጣው እኔ ባለሁበት ነው። እኔ ከኋላ እሆናለሁ፤ አልነካትም። ደህናው እጇ ብረቱን ይይዛል፤ ምርኩዙን እኔ እይዛለሁ። ዛሬ አሥር። እጄ በራሱ ይዘረጋል፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ 18

ሠላሳ ሦስት። መውረዱ ነው ከባዱ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ሆኖ ይቆጥርልናል። እማዬ፣ “አንተ ሥራ የለህም?” ትለዋለች፤ ደስ ብሏታል ግን።

እሑድ 21

ዛሬን ለማንም አልሰጥም።

ኩታራው አልተነገረውም። እማዬ ናት እንዲያ ያለችው። በታክሲ ሄድን። ሕንፃው ሥር ቆማ ወደ ላይ አየች፤ የራስ መሸፈኛዋን አጠበቀች፤ የታመመውን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብረቱን ያዘች።

አሥራ አራት ላይ አረፈች። ሃያ ስምንት ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ አንገቷ ሥር ላብ ይወርዳል። “እማዬ፣ ይበቃል” ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሠላሳ አምስት ላይ ከላይ በር ተከፈተ። የኩታራው ትንሿ ልጅ፣ “አያቴ ደረጃ እየወጣች ነው!” ብላ ጮኸች። እሱ በካልሲ ሮጦ ወጣ፤ ሊወርድና ሊይዛት ሲል እማዬ፣

“ቁም እዚያው! ወገብህን!” አለችው።

ቆመ። አርባ አንደኛዋ ላይ እግሯን ስታሳርፍ መላጣው ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሚስቱ ወንበር ይዛ መጣች፤ ከዚያ ሄዳ የልጆቹን መኝታ ቤት አልጋ ታነጥፍ ጀመር።

እማዬ ተቀመጠች። ውኃ ጠጣች። “በል፣ እህትህ ሄዳ እስክትመለስ እንግዳህ ነኝ” አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?” አለችኝ።

በሕይወቴ በብዙ ነገር ኮርቻለሁ። እንደ ዛሬው ግን አይደለም።

ረቡዕ 24

አውቶብስ ውስጥ። ጽሑፌን ያጣመመው መንገዱ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት፣ “ከማን ጋር ነሽ?” አለችኝ። “ብቻዬን።” “ሰው ሞቶብሽ ነው?” “አይ፤ ዝሆን ለማየት ነው።” ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ሐሙስ 25

ድንበር ተሻገርኩ። የክትባት ካርዴን አገላብጠው አዩ። ማህተም። በስሜ፣ ለእኔ ብቻ የተመታ ማህተም።

ዓርብ 26

ነዳጅ ማደያ። ከማለዳ እስከ ቀትር። ማንም የለም። ዝናብ። ወጥተው የሄዱት ሁለት መኪኖች ሙሉ ነበሩ። ያደርኩበት ክፍል ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ጎረቤቴ ሲያስለው እኔ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

ኩታራው ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እትዬ፣ የቀኝ እግሯን ካልሲ እንዴት ነው የምታደርጊላት?”

“ተወው። ራሷ ታደርጋለች።”

“ይጣመማል እኮ።”

“ይጣመም።”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትንሽ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዝናቡ ነው።

ቅዳሜ 27

ቦታ ያለው መኪና አልመጣም። ነገ ካልመጣ እመለሳለሁ። አልፈራሁም፤ ቀኑ ስላለቀ ነው።

እሑድ 28

መጡ! ሁለት ጡረተኛ እህትማማቾች፣ እንደ ጥቅል ጎመን ልብስ በልብስ የደራረቡ፣ እርስ በርሳቸው ሲጨቃጨቁ የማይደክማቸው፣ ጣሪያው የሚከፈት አሮጌ መኪና ተከራይተው ሦስተኛ ሰው ጎድሏቸዋል። ሾፌሩ ዝምተኛ ሰው ነው። “ለስንት ሰው ቦታ ትፈልጊያለሽ?” አለኝ። “ለአንድ ሰው” ስል እህትማማቾቹ በአንድ አፍ፣ “ተመስገን! ሦስተኛ ዳኛ አገኘን” አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ወጣን። መጀመሪያ ምንም አላየሁም፤ ስፋቱ ነው ያሳወረኝ። ዓይኔ የሚያርፍበት ግድግዳ አጣ። ሣሩ ከዝናቡ የተነሳ አድጎ ወገብ ይደርሳል፤ ሚዳቋዎቹ ከአንገት በላይ ብቻ ይታያሉ። ሾፌሩ፣ “በዚህ ወቅት ነብር መፈለግ ከንቱ ነው” አለ። ሁለቱ እህትማማቾች ማን ይቀመጥ ማን ይቁም እያሉ ይጣላሉ።

እኔ የርቀት መነጽሩን አወረድኩና በባዶ ዓይኔ አየሁ። ሌንስ ላይ ጭረት የምፈልገው እንደዚያ ነው፤ ጭረቱን አልፈልግም፤ መስታወቱን በሙሉ አያለሁ፤ የተሳሳተው ራሱ ይመጣል። በጣም ሩቅ፣ ለብቻው የቆመ ዛፍ ላይ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ነፋሱ ወደማይነፍስበት ስትወዛወዝ ታወቀኝ፤ በርቀት መነጽሩ አረጋገጥኩ።

“እዚያ ዛፍ ላይ አንድ ነገር አለ።”

ሾፌሩ በራሱ የርቀት መነጽር አየ። “የለም።”

“ከግንዱ በስተግራ፣ ሦስተኛዋ ቅርንጫፍ። የምትወዛወዘው ቅርንጫፍ አይደለችም፤ ጅራት ናት።”

እንደገና አየ። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ስንቀርብ ነብሩ እግሩን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ተጋድሟል፤ ዞሮ አየን፤ አዛጋ። እህትማማቾቹ መጣላታቸውን ረሱ።

ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ፣ “አሥራ ሰባት ዓመት ስነዳ ተሳፋሪ ቀድሞኝ አያውቅም” አለኝ። “ሥራሽ ምንድን ነው?”

ነገርኩት። ደረቴን ነፍቼ ነው የነገርኩት፤ አልክድም።

ሰኞ 29

ድንኳኑ ግራው አልዘመመም። ከመንጋቱ በፊት አንበሳ አገሳ፤ መሬቱ ሲርድ በጀርባዬ ተሰማኝ። አልፈራሁም። ዚፑን ሦስት ጊዜ የነካሁት ለጥንቃቄ ነው። ሲነጋ ዝሆኖች በድንኳኖቹ መሃል አለፉ፤ አሥራ አንድ ናቸው። ትንሹን መሃል አድርገውታል። እንደ አዋላጇ እንዳልቀመጥበት የርቀት መነጽሩን አስቀድሜ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ነበር።

ሐሙስ 2

ተመልሻለሁ። ጭቃ የተጋገረ ጫማዬን እንዳደረግኩ በቀጥታ ኩታራው ቤት ሄድኩ። ልጆቹ ቦርሳዬን በረበሩ። ኩታራው፣ “ነብሩን አንቺ ነሽ አሉ ያየሽው!” ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ በቴሌፎን የነገርኩትን ሕንፃው በሙሉ ሰምቶታል። ሚስቱ ሻይ ቀድታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ “ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?” አለችኝ። ቀስ ብላ ነው የጠየቀችው፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። የአውቶብሱን መስመር ወረቀት ላይ ጻፍኩላት።

እማዬ ሁሉም እስኪወጡ ጠበቀች። ስለ አንበሳ አልጠየቀችኝም።

“ፈራሽ?” አለችኝ።

በዚህ ደብተር ውስጥ ስንት ጊዜ አልፈራሁም ብዬ እንደጻፍኩ ታዘብኩ።

“ፈራሁ” አልኳት። “ነዳጅ ማደያው ጋ ከአንበሳው በላይ ፈራሁ። ከመሄዴ በፊት ደግሞ ከሁሉም በላይ።”

“እኔም” አለች። “ሃያ ስምንተኛዋ ላይ።”

ከዚያ ወደ ቤታችን ልንሄድ ተነሳች። ምርኩዟን ያዘች። ካልሲዋ ተጣሟል። እኔ አስቀድሜ ደረጃውን ጀመርኩ፤ እሷ ከኋላዬ። ከባዱ መውረዱ ነው። ምርኩዟ እያንዳንዷ ደረጃ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል፤ ጠቅ፣ ትንፋሽ፣ ጠቅ። አሥራ አራት ላይ ቆመች። እኔም ቆምኩ። እስክትቀጥል ጠበቅኩ፤ ወደ ኋላ አልዞርኩም።